የአቶ አወቀ ሦስተኛ ምስክር

ከጓሳ ግርጌ ያለችው የወረዳ ከተማ ብርድ ቀልድ አያውቅም። ጥቅምት ላይ የተነገረ ሰላምታ አየር ላይ ረግቶ ይከርምና ጥር ላይ ፀሐይ ሲነካው ነው የሚሰማ ይባላል። የጡረታ ጉዳይ ጸሐፊው ቸሩ ይህን ሲነግሩት አልሳቀም። ማስረጃ የሌለው ነገር አያስቀውም።

ስሙ ቸሩ ይሁን እንጂ ማኅተሙን ከመሳቢያው ከማስወጣት ከአለት ውሃ ማፍለቅ ይቀላል። ከዓለም ከተማ ተዛውሮ ከመጣ ገና አንድ ወሩ ነው። በዚያች አንድ ወር ሁለት የሐሰት ባሎችንና ጢሙ ደረቱ ላይ የደረሰ አንድ «ሕፃን ወላጅ አልባ» ይዟል።

አንድ ማክሰኞ ጧት ወይዘሮ ጥሩሸዋ ሦስት ሽማግሌዎች አስከትለው ገቡ።

«ባለቤቴ አወቀ ወሰኔ ሞቷል ተብሏል» አሉ። «ለሚስት የሚገባውን ግማሽ ጡረታ ልቀበል ነው የመጣሁ።»

ቸሩ ፋይሉን አወረደ። አቶ አወቀ ሠላሳ አንድ ዓመት የእንስሳት ክትባት ሠራተኛ ሆነው፣ በመንዝ ምድር በመርፌ ያልወጉት በግ ሳይቀር ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ፎቶግራፋቸውን አይጥ በልታው ጎፈሬው ብቻ ተርፏል። ቀጥሎ «ሞተዋል፤ ክፍያው ይቁም» የሚል ከሦስት ዓመት በፊት የተጻፈ ደብዳቤ አለ። ከሥሩ በሲባጎ የታሰረ፣ ትራስ የሚያህል የማመልከቻ ጥቅል። የቀድሞው ጸሐፊ በቀይ እስክሪብቶ «መልስ አያሻውም» ብሎበታል። ቸሩም መልስ የማያሻውን ነገር አያነብም።

«ሞታቸው መዝገብ ላይ አለ፤ እሱ አያከራክርም» አለ። «የሚቀረው ሚስታቸው መሆንዎ ነው። ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ምን ሲያደርጉ ቆዩ?»

«ይመለስ ይሆናል ብለን ስንጠብቅ ነዋ፣ ልጄ።»

ቸሩ ቀና ብሎ አያቸው። ኀዘን የሰውን አእምሮ እንዲህ ያደርጋል። ግን ደግሞ የለበሱት ጥቁር ቀሚስ ቀለሙ ገና እጃቸው ላይ ይለቃል። የሦስት ዓመት ኀዘን፣ የትናንት ቀለም! ቸሩ ይህችን ልቡ ላይ ጻፋት።

ሁለቱ ምስክሮች ጋብቻውን እንደ ውዳሴ ማርያም አነበነቡት፤ ሠርጉ ላይ የታረደውን ሙክት በቀለም በቀለሙ ቆጠሩ። ሦስተኛው በርኖሳቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው ጥግ ተቀምጠዋል። ወይዘሮ ጥሩሸዋ ከመቀነታቸው ቋጠሮ ገብስ ቆሎ ያቀብሏቸዋል፤ ከትከሻቸው ላይ ገለባ ይለቅማሉ።

«ና እንግዲህ፣ ተራህ ነው» አሏቸው። «አሳጥረው ደግሞ! ካፍህ ወሬ አይነጠልም።»

ባዕድ ሽማግሌ «አንተ» ይባላል? ቸሩ ይህችንም ጻፋት።

«ስም?»

«በክርስትና ስሜ ገብረየሱስ።»

«ሟችን ያውቋቸዋል?»

«አንድ ጡት ነው የጠባን።»

«ሲሞቱስ?»

«መሞቱን ከማንም በፊት የሰማሁ እኔ ነኝ፣ እዚሁ ቢሮ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሰው ሆኜ አላውቅም።» ሽማግሌው በበርኖሱ ጫፍ ዐይናቸውን ጠረጉ።

ወይዘሮ ጥሩሸዋ ግን አላለቀሱም። እንዲያውም በክርናቸው ጎሸም አደረጓቸው።

ያን ጊዜ ነገሩ ለቸሩ ፍንትው አለለት። ይህ ሰውዬ ወዳጇ ነው! የዛሬ ብቻ ወዳጅም አይደለም፤ ሟች በሕይወት ከነበሩበት ጊዜ ጀምሮ ነው። ባል እያለ ከሌላ የኖረች ሴት ደግሞ ምኗ ሚስት ነው? ምን ተብሎ ግማሽ ይሰጣታል? ወንበሩን ስቦ ተጠጋ።

«ከሟች ቤት አድረው ያውቃሉ?»

«አወቀ ባለበት አድሬአለሁ። አወቀ በሌለበት ግን አንዲት ሌሊት አላደርሁም።»

«እንግዲያው ኪዳነምሕረትን ብለው ይማሉልኝ። አቶ አወቀ በሕይወት እያሉ እኚህ ሴት ከሌላ ወንድ ጋር ኖረው ያውቃሉ?»

ሽማግሌው ከመቀመጫቸው የተነሡት እንደ ተወጋ ወይፈን ነው።

«ኪዳነምሕረትን! ጥሩሸዋ? ማን ወንድ! ስሙን ጥራልኝና ዛሬውኑ ቅልጥሙን በዚህ ዘንግ ካልሰበርሁት!» ዘንጉ ጠረጴዛው ላይ አረፈ። ከደርግ ዘመን ጀምሮ የተኛ አቧራ ተነሥቶ ቢሮውን ጉም አለበሰው፤ ውጭ የታሰረች በቅሎ ሳትቀር አነጠሰች።

«ተቀመጥ አንተ ሰው፣ ደም ግፊትህን!» አሉ ወይዘሮ ጥሩሸዋ። ፊታቸው ግን እንደ ሙሽራ በርቶ ነበር።

ቸሩ አፈረ። ሌባ ሲጠይቁት ይለማመጣል እንጂ ጠረጴዛ አይሰብርም። ይሄ የሟች ወዳጁን ክብር የሚጠብቅ ሰው ቁጣ ነው።

«ይቅር ይበሉኝ አባቴ። እንዲህ ያለ ወዳጅ ለእኔም ይስጠኝ» አለና ማኅተሙን አወጣ። ትንፋሹን እፍ ብሎበት መታው።

ሽማግሌው ማኅተሙን ጎንበስ ብለው አዩት። «እንዲህ ቀላል ኖሯል? በከንቱ ሦስት ዓመት ጫማ ጨረስን!»

«ና ውጣ፣ ሐሳቡን ሳይለውጥ» ብለው ወይዘሮ ጥሩሸዋ በበርኖሱ ጎተቷቸው።

ቸሩ በሥራው ረክቶ የምስክሮቹን ቃል ፋይሉ ውስጥ ሲጠቀጥቅ ያ አሮጌ ሲባጎ ተበጠሰ። ማመልከቻዎቹ ወለሉ ላይ ፈሰሱ። የላይኛዋን አነሣና፣ በሥራ ዘመኑ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ መልስ የማያሻውን ነገር አነበበ፦

«ጉዳዩ፦ አለመሞቴን ለዐሥራ አራተኛ ጊዜ ስለ ማመልከት። አመልካች አወቀ ወሰኔ፣ በክርስትና ስሜ ገብረየሱስ።»