«የአሮጊት ወሬ» ተብሎ የጠፋው ስም

«ማን ነው የእናቴን ስም ያጠፋው?»

እማማ መብሩካ ይህን ሲጠይቁ መምህር አባይነህ ኮምፒውተሩን ገና እየከፈተ ነበር...

ከሐረሩ ፈላና በር እስከ ዩኒቨርሲቲው በባጃጅ መጥተው ነው። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ደረጃውን ሁለቴ አርፈው ነው የወጡት።

ነገሩ እንዲህ ነው...

እናታቸው ነኢማ ጀጎል ውስጥ ካለው ቤቷ አንዷን ክፍል ለቁርአን ቤት ሰጥታ፣ አርባ ዓመት የሰፈሩን ልጅ ስታስቀራ ኖራ ከሞተች ብዙ ዘመን ሆነ።

ባለፈው ወር ግን የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ በሩ ላይ የእብነ በረድ ጽሑፍ ለጠፈ። «ይህን ቤት ያቋቋሙት ነጋዴው ሐጂ ሙክታር ናቸው» ይላል።

ከየት አመጣችሁት ሲባሉ... «ከኢንተርኔት። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጽፈውት አገኘነው» አሉ።

«እናቴ ፎቶ እንኳ የላትም ልጄ» አሉት እማማ መብሩካ። «ስሟ ብቻ ነው የቀረኝ።»

ተማሪዎቹን ያስጻፈው አባይነህ ነው። ማንም ገብቶ በሚያርመው የኦንላይን ኢንሳይክሎፒዲያ ላይ ስለ ሐረር እንዲጽፉ ያደርጋል። ያየውን ሁሉ ሼር የሚያደርግ ትውልድ «ይህን ማን አለ? የት ተጻፈ?» ብሎ መጠየቅ እንዲለምድ።

ጥሩ ሐሳብ ነው፣ አልዋሽም። እዚህ ፔጅ ላይም ቢለመድ ደስ ይለኝ ነበር።

ሕጉ አንድ ነው... ምንጭ የሌለው ይጠፋል።

«ቆይ እማማ፣ አሁን እናየዋለን» አላቸው።

ኢንሳይክሎፒዲያው ማን ምን እንደጻፈ፣ ማን ምን እንዳጠፋ ሁሉንም ይመዘግባል። አባይነህ መዝገቡን ከፍቶ ከመጀመሪያው ጀመረ...

«ቤቱን የሰጠችው ነኢማ ናት። ልጇ ነግራናለች።» የጻፈችው ሳዳ የምትባል ተማሪው ናት።

ከሦስት ቀን በኋላ ጠፍቷል። ምክንያት፦ «ምንጭ የለውም። የአሮጊት ወሬ።»

ያጠፋው ሰው ስም... አባይነህ።

ራሱ።

ቀጥሎ አሽረፍ የሚባል ተማሪ የገዛ አያቱን ሐጂ ሙክታርን አስገብቷል፤ የመጽሐፍ ርዕስና «ገጽ 114» ጠቅሶ። አባይነህ መጽሐፉን ገልጦ አላየም። ክፍል ውስጥ ግን «ምንጭ ማለት እንዲህ ነው» ብሎ አሳይቶ ከሃያ ሃያ ሰጥቶታል። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄ ነው።

«ተገኘ ልጄ?»

አባይነህ ስክሪኑን ቀስ አድርጎ ወደ ራሱ አዞረ። እማማ መብሩካ ቁርአን እንጂ የአማርኛ ፊደል አያነቡም። እሱ ግን አዞረው።

«አይታወቅም እማማ... እዚህ ላይ ማንም ገብቶ ያጠፋል።»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

አሮጊቷ ቀና ብለው አዩት።

«ፊትህ ነው ያለሁት ልጄ። ሌላ የምትለኝ የለም?»

«የለም... ግን አስተካክለዋለሁ።»

«እሺ። አላህ ያውቀዋል» ብለው ተነሱ። ደግፎ ደረጃውን አወረዳቸው። ባጃጅም ጠራላቸው።

ክፉ ሰው አይደለም፣ ይህን ልብ በሉልኝ። በዚያው ቀን ላይብረሪ ገብቶ መጽሐፉን አወጣው።

መጽሐፉ የሚያልቀው ገጽ 96 ላይ ነው።

የአሽረፍን ጽሑፍ አጥፍቶ የነኢማን ስም መለሰ። በነጋታው ሲከፍተው ሐጂ ሙክታር ተመልሰው ተቀምጠዋል። የማያውቀው አንድ አራሚ እንዲህ ብሎታል...

«በቤቱ በር ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ፎቶ አለ። ነኢማ ለመሆኗ የእርስዎ ምንጭ ምንድን ነው?»

ከውሸቱ የተቀዳው የበሩ ድንጋይ ለውሸቱ ምስክር ሆኖ ቆመ።

ስድስት ጊዜ አስተካከለ። ስድስት ጊዜ ተመለሰበት። በመጨረሻ ገጹ ላይ እንዳይጽፍ ታገደ።

ሁለት ወር ሳይሞላ እማማ መብሩካ ሞቱ።

ከለቅሶው በኋላ ሳዳ ቢሮው መጣች።

«መብሩካ አያቴ ናት መምህር።»

«ነፍሳቸውን ይማር... አላወቅኩም ነበር ሳዳ።»

«እሷ ግን ታውቅ ነበር። ማን እንዳጠፋው ነግሬያት ነው የመጣችው።»

አባይነህ ከወንበሩ ተነሳ።

«ታዲያ ለምን ጠየቁኝ?»

«ከራስዎ አፍ ልትሰማ። ቃሌ ካልበቃው ብላ የወቅፉን ወረቀት ይዛ ነበር የመጣችው። ነኢማ ቤቱን ለቁርአን ስትሰጥ የተጻፈ ነው፣ አራት ምስክር አለበት። ለኔ እንኳ አሳይታኝ አታውቅም። ‹እኔ ነኝ፣ ተሳስቻለሁ› ቢሉ ልትሰጥዎ ነበር... ‹ፊቴ ላይ ለዋሸ ሰው አማና፣ የእናቴን አደራ፣ አልሰጥም› ብላ ይዛው ተመለሰች።»

«ወረቀቱ... አሁን የት ነው?»

ሳዳ እንባዋን በሻሿ ጠረገች።

«ቤት ሲጸዳ አክስቶቼ ከተቀዳደዱ የቁርአን ገጾች መሀል አገኙት። ዐረብኛ ነው፣ አርጅቷል፣ የአላህ ስም አለበት። እንዲህ ያለ ወረቀት አይጣልም፣ በክብር ይቀበራል። ሁሉንም አንድ ላይ ሐኪም ወደሚባለው ተራራ ወስደው ቀበሩት። እኔ ስሰማ ሦስት ቀን ዘንቦበታል። ቆፍሬ ያገኘሁት ጭቃ ነው።»

ሌላ ወረቀት የለም። ቤቱን ስትሰጥ ያየ ምስክርም በሕይወት የለም።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይሉናል። እኔ ዘንድሮ ተጠራጠርኩ ቤተሰቦች... እውነት ተቀብራ የምትቀርበት ጊዜም አለ። የሚቀብራት ደግሞ ሁልጊዜ መጥፎ ሰው አይደለም። አንዳንዴ ማፈር የፈራ ጥሩ ሰው ነው።

ትምህርቱ ይኸው... የሰውን ምንጭ ከመጠየቅህ በፊት የራስህን ገልጠህ እይ። ስትሳሳት ደግሞ «እኔ ነኝ» በል፣ የምታፍረው አንድ ቀን ነው። አባይነህ በነኢማ ስም ዕድሜ ልኩን ያፍራል።

አንዳንዶቻችሁ «አሮጊቷም አበዙት፣ ወረቀቱን ሰጥተውት ቢሆን የእናታቸው ስም ይተርፍ ነበር» ትሉኛላችሁ። ይሆናል።

እናንተ በእማማ መብሩካ ቦታ ብትሆኑ... ፊታችሁ ላይ ለዋሸው ለአባይነህ ወረቀቱን ትሰጡት ነበር?