የባላንጣው ማደያ

አቶ ኡሜዳ በጃፓን ከታወቁት ሁለት ታላላቅ የነዳጅ ኩባንያዎች የአንዱ ፕሬዚዳንት ናቸው። ከሌላው ኩባንያ ማደያ ጠብታ ቤንዚን ቀድተው አያውቁም። ሠራተኞቻቸውንም ቤተሰባቸውንም በዚህ አስምለዋል።

ልጃቸው የምትኖርበትን ከተማ ሥራ ፋታ ነስቷቸው አንድ ቀን እንኳ አላዩትም፤ የሚመላለሱት ባለቤታቸው ሳቺኮ ነበሩ። ዛሬ ግን ሠርጓ ነውና አቶ ኡሜዳ ራሳቸው መኪናውን እየነዱ አብረው ወጡ። ተራራው መሃል ሲደርሱ ቤንዚኑ ሊያልቅ ሆነ። ከፊታቸው ያለው ማደያ የባላንጣቸው ነው።

«የእኛው ከዳገቱ ማዶ አለ» አሉ።

«እዚያ ሳንደርስ ይቆማል። ልጃችን ያለ አባት ትዳር እንዴ?» አሉ ሳቺኮ።

ሰውየው ተሸነፉ። ባርኔጣቸውን እስከ ቅንድባቸው ዝቅ አደረጉ፤ ጥቁር መነጽርና የአፍ መሸፈኛ ጨመሩ።

«የሚያውቀኝ ካየኝ ነገ ጋዜጣ ላይ ነኝ» እያሉ ወደ ማደያው ገቡ።

ቀጂው እየሮጠ መጣ። እሳቸውን አልፎ በባለቤታቸው በኩል ዞረና እጅ ነሥቶ ፈገግ አለ።

«ወይዘሮ ሳቺኮ፣ እንደምን ሰነበቱ? እንደ ወትሮው ሙሉ ልቅዳ?»

ከዚያ ወደ መሪው አጮልቆ አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሳቺኮን ጠየቃቸው።

«ሾፌር ቀጠሩ እንዴ?»