ጉርሻ በጭልፋ

ልጄ ትርሲት የሳል ወረርሽኝ ከገባበት ባሕር ማዶ አገር ከተመለሰች ወዲህ አየር ማረፊያ ያሰሩላት የእጅ አምባር ቢጫ እንደሆነ ነው። ሳንባዋ ከበሽታው ነጻ ሆኖ አረንጓዴ እስኪበራ ድረስ ሰው ከሁለት ሜትር ባነሰ ርቀት ሊጠጋት አይፈቀድም። ከተጠጋት አምባሩ ይጮኻል። ሁለተኛ ከጮኸ መኪና መጥቶ ወደ ማቆያ ይወስዳታል። የመጀመሪያውን ያስጮህኩት እኔው ነኝ፤ በሩን ስከፍትላት ሁሉንም ረስቼ ተጠመጠምኩባት።

ከዚያ በኋላ ፈራሁ። በሯ ላይ የተለጠፈውን መመሪያ፣ በዚህ ዕድሜዬ በተማርኩት ፊደል፣ በጣቴ እየተከተልኩ ደጋግሜ አነበብኩት። ማስክ አደረግን፣ መስኮቱን ከፈትን። ለብቻ መብላት የሚለው ግን አንጀቴን በላው። የምትወደውን ዱለት ሠርቼላት ዝም ብላ ትነካካዋለች።

"ምነው አትበይም?"

"እማዬ ደግሞ! እንደ ዘበኛ ቆመሽብኝ እንዴት ልብላ?"

ከእድራችን ዕቃ ቤት ትልቁን የድግስ ጭልፋ ተውሼ መጣሁ። በፈላ ውኃ አጥቤ ከመጥረጊያ እንጨት ጋር አሰርኩት። ጉርሻዬን ጠቅልዬ አስቀመጥኩበትና ከደጃፉ ዘረጋሁላት።

"አብደሻል እንዴ?" ብላ በሳቅ ፈረሰች።

"ሳቁን ተይና ማስክሽን አውርጂ፤ እጄ ዛለ!"

ጭልፋው እየተንቀጠቀጠ አፏ ደረሰ። ግማሹ አገጯ ላይ ቀረ። አምባሩን አየሁት፤ አልጮኸም።

ትርሲት ቀስ ብላ አኝካ ዋጠች። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

"እማዬ፣" አለችኝ፣ "አንድ ብቻ አጉርሰሽኝ ልትሄጂ ነው?"