ለብ ያለ ውሃ

ስሜት እንደ ኩላሊት ከዘመድ የሚለገስበት ዘመን ነው። ዘውድነሽ አከርካሪዋ ነርቭ ላይ የበቀለው ዕጢ ከወጣላት በኋላ ለደነዘዙት እግሮቿ ስሜት የለገሳት አንድ የሩቅ አጎታቸው እንደሆነ ታናሽ ወንድሟ ምንተስኖት ነግሯታል።

ከሆስፒታል የተመለሰች ዕለት ምንተስኖት እግሯን ሊያጥባት ሳፋ አቀረበ። አጠገቧ ተቀምጦ የራሱን እግሮች አስቀድሞ ነከረና፣ «ለብ ያለ ነው፣ እታለም፤ እንደ ሙሽራ አትሽኮርመሚ!» አላት።

የእግሯን አውራ ጣት ነከር ስታደርግ፣ «አቃጠለኝ!» ብላ ጮኸች።

ሊጠይቋት የመጡት ጎረቤቶች፣ «ዳነች!» ብለው እልልታውን አቀለጡት።

«አዲስ ስሜት እኮ ያጋንናል» እያለ ምንተስኖት አጨበጨበ።

ዘውድነሽ ግን ክው አለች። ከሳፋው እንፋሎት ይትጎለጎላል፤ የወንድሟ እግሮች በርበሬ መስለው አሁንም ውሃው ውስጥ ናቸው።

«እግርህን አውጣ!»

«ምነው፣ እታለም? ቀዘቀዘ እንዴ?»