መዳብ ያልነካው

ነጠላው በሰማያዊው የመዳብ ውሃ ውስጥ መቅላት ሲጀምር የቤተ ሙከራው በር ተንኳኳ።

ትሕትና ሳታይ ማን እንደሆነ አወቀች። አባቷ አቶ ባዘዘው ከሮብ ገበያ በጠዋቱ መኪና ደብረ ማርቆስ እንደሚገቡ ትናንት ደውለው ነግረዋታል። የሚመጡበትንም አልደበቁም። ነገ የእናቷ የወይዘሮ የብርጓል አርባ ነው፤ የሟች ልብስ ደግሞ ከአርባ አያልፍም፣ ሳይጎድል ለነዳያን ይሰጣል። የጎደለው ይህ ነጠላ ነበር።

ከቀብር ማግስት ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ የከተተችው ራሷ ናት። በዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ ሥራዋ ጨርቅን መዳብ ማልበስ ነው። ጨርቁ መጀመሪያ ፖሊመር ይጠጣል፤ ፖሊመሩ በየክሩ ላይ እንደ ሙጫ ተጣብቆ መዳቡን ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ ቢታጠፍም ቢለጠጥም ኤሌክትሪክ ማስተላለፉን አይተውም። እንዲህ ያለ ጨርቅ ደረት ላይ ቢታሰር የልብ ምት ያዳምጣል። እናቷን የገደላት ልብ ነው። የመጀመሪያው መቀነት ከእሷ ነጠላ ካልሆነ ከምን ሊሆን ነው?

ጨርቅ ግን ሳይታጠብ አይነከርም። ተማሪዎቿን በዚህ ነገር እስኪሰለቻቸው የምትነዘንዛቸው እሷ ሆና፣ ይህን አላጠበችውም። መድኃኒቱ የእናቷን ጠረን እንደሚያጠፋው አላጣችውም፤ ቢሆንም በገዛ እጇ ሳሙና ልታስነካው አንጀቷ እንቢ አላት።

«እንደምን አደርሽ ልጄ» አሉ አቶ ባዘዘው። ዱላቸውን ግድግዳ አስደግፈው፣ ከፍ ባለችው ዱካ ላይ ተቀመጡ። ማጭድ አመልካች ጣቱን ግማሽ ያደረገበትን ቀኝ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። «ነጠላዋን ስጪኝና ልሂድ።»

«ትንሽ ይታገሡኝ አባዬ፣ ውሃ ውስጥ ነው።»

«ዛሬውኑ ብወስደው ይሻላል። እቤት እንቅልፍ የለም። በሩ ይንኳኳል።»

«ነፋስ ነዋ! ጮቄ ሥር አርጅተው ዛሬ ነፋስ ሊያስደነግጥዎ?»

አባቷ አልሳቁም። «ነፋስ ከውጭ ነው የሚያንኳኳ። ይሄ ከውስጥ ነው።»

መቆንጠጫውን አስቀመጠችና አርባ ቀን ያፈነችውን ጥያቄ አወጣችው።

«እማዬ ለምንድን ነው ያልመጣችው? ሐኪም ቤት ቀጠሮ ይዤላት ነበር። ጠዋት እነሣለሁ ብላኝ ነበር እኮ።»

«እንቢ አለች አልኩሽ።»

አዎ፣ ብለዋታል። እሷም አምና፣ ለሞተ ሰው መቀየም ነውር መሆኑን እያወቀች፣ እናቷን ተቀይማለች። እያለቀሰችም ተቀይማለች። ልጅሽ ከተማ ቁጭ ብላ እየጠበቀችሽ እንዴት እንቢ ይባላል?

ነጠላውን አወጣችው። በንጹሕ ውሃ አለቅልቃ ነጭ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ጥለቱ ሳይቀር መዳብ ለብሷል፤ በመስኮቱ የገባው ፀሐይ ላዩ ላይ ያብረቀርቃል። ትከሻ ላይ የሚያርፈው ቦታ ብቻ ነጭ ሆኖ ቀርቷል።

«አበላሸሁት» አለች በመጀመሪያ። ቅባት ይሆናል፣ ወይም ሰም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሰምም እንዲያው ነው፣ ክሩን አንዴ ከያዘው ፖሊመሩን አያስጠጋም። ጎንበስ ብላ አየችው።

መዳፍ ነው። አውራ ጣት አለ። ሦስት ረጃጅም ጣቶች አሉ። አንዷ ግማሽ ናት።

ቀና ስትል አባቷ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተዋል።

«ለጧፍ የሚሆን ሰም እያቀለጥኩ ነበር» አሉ መሬት መሬት እያዩ። «ጫማዋን አጥልቃ፣ ነጠላዋን ለብሳ መጣች። መኪናው ሊሄድብኝ ነው አለች። ትከሻዋን ይዤ አስቀመጥኳት። ሁለቴ ተነሣች፤ ሁለቴ አስቀመጥኳት።»

«አባዬ…»

«ፈርቼ ነው ልጄ። ወንድሜን ሐኪም ቤት አስገብቼ ሬሳውን ነው የተቀበልኩ። እሷንም እንዲያ የምቀበላት መሰለኝ። በማግሥቱ አረፈች።»

አርባ ቀን የተቀየመቻት እናቷ ጫማዋን አጥልቃ ነበር። ልትመጣ ነበር። በአባቷ ላይ ንዴቷ እሳት ሆኖ ተነሣ፤ የተሸበሸበው ፊታቸው ላይ እንባ ሲወርድ ስታይ ደግሞ ንዴቱን የት እንደምታደርገው ጠፋት።

እጇ የለመደውን ሥራ ያዘ። የኤሌክትሪክ መለኪያውን አንዱን ገመድ ከነጠላው አንድ ጫፍ ቆንጥጣ፣ ሌላውን ወደ ወዲያኛው ጫፍ ወሰደች። መዳቡ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከተያያዘ መሣሪያው ይጮኻል፤ ከተቋረጠ ዝም ይላል። አባቷም ተነሥተው ቀረቡ። ቀኝ እጃቸውን ከጋቢው አውጥተው ነጩ ቦታ ላይ አሳረፉት። ልክክ አለ፤ ግማሿም ጣት ሳትቀር።

መሣሪያው ዝም እንዳይል እየሠጋች ሁለተኛውን ገመድ ቆነጠጠችው።

መሣሪያው ጮኸ። መዳቡ የእጁን አሻራ በዳር በዳር ዞሮ አልፏል።

አቶ ባዘዘው እንደተቃጠለ ሰው እጃቸውን አነሡ። መሣሪያውን አላዩም፤ ያዩት በሩን ነበር።

«ክፈቺላት፣ ትሂድ» አሉ።

ትሕትና ሄዳ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው፤ ከኋላዋ መሣሪያው መጮኹን ሳያቆም፣ ሰው እንደሚያሳልፍ ሰው ገለል ብላ ቆመች።