የመሥሪያ ቤቱ መስመር

ባልየው ቁርሱን እንደበላ ክራባቱን ያስራል፤ ስልኩን ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ይተዋል፤ ከሳሎኑ ጀርባ ወዳለው ክፍል ይገባና ከውስጥ ይቆልፋል። መሥሪያ ቤቱ ከቤት እንዲሠራ ከፈቀደለት ወዲህ ልማዱ ይኸው ነው። ስልክ ስብሰባ ይረብሻል ይላል።

ከላይ ሸሚዝና ክራባት፣ ከታች ነጠላ ጫማ። ሚስቱ መጀመሪያ ትስቅበት ነበር።

አሁን አትስቅም። ለእሷ አንድ ቃል ለማውጣት የሚጨንቀው ሰው እዚያ ውስጥ ይቀልዳል፣ ያባብላል፣ ከት ብሎ ይስቃል። "አንቺ ደግሞ ሁሌ እንዳሳቅሽኝ ነው" ሲል በጆሮዋ ሰምታለች። ሰሞኑን ሽቶም ጨምሯል። በኮምፒውተር ሽቶ አይሸተትም፤ ቅናት ግን ይህን አይመረምርም። ስልኩን በርብራ የሴት ቁጥር አጣች። ከሥራ ቦታው እንኳ የሚደውል የለም። ይሄ ይበልጥ አንገበገባት፤ አትደውዪ ብሏታል ማለት ነው።

የሰፈሩን ኢንተርኔት የሚጠግነውን፣ በቅጥነቱ "ሽቦው" የሚሉትን ሰው አስጠራች።

"የእኔ ዋይፋይ ነው፤ የእሱ በገመድ ነው፣ መሥሪያ ቤቱ ለብቻው ያስገባለት። ሁለቱን አገናኝልኝ።"

"የጋሼ ኮምፒውተር ዋይፋይ አይቀበልም?"

"አሮጌ ነው። ከገመድ ሌላ አያውቅም።"

"ቀላል ነው እትዬ። ከእሳቸው ራውተር ወደ እርስዎ ራውተር አንድ ኬብል እስባለሁ፤ አለቀ።"

"ያን ጊዜ ከማን ጋር እንደሚያወራ አያለሁ?"

ሽቦው መቆንጠጫውን በእጁ አገላበጠ። "ማን እንደሆነች አያሳይም። መስመሩ ወዴት እንደሚሄድ ግን ያሳያል። ቢቀርብዎ ይሻላል እትዬ፤ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።"

"ዝም ብዬ ነው እዚህ የደረስኩት" አለችው።

ሁለቱ መስመሮች ይገናኙ ብላ ባሏን ባለፈው ሳምንት ጠይቃው ነበር። "የመሥሪያ ቤት መስመር አይነካም" ብሎ ተቆጣ። የእሱ ራውተር ያለበትን የዕቃ ቤት ቁልፍም ከዚያ ቀን ጀምሮ ኪሱ ከተተው። ዛሬ ፊቱን ሲታጠብ ከሱሪው ኪስ አወጣችው።

ዕቃ ቤቱ ከባሏ ክፍል ጋር ግድግዳ ይጋራል። በሩን ስትከፍት ወዲያ ማዶ ሲስቅ ተሰማ። ሽቦው ከግድግዳው ቀዳዳ የሚወጣውን ገመድ እየተከተለ፣ ካርቶን እያነሳ ወደ ውስጥ ዘለቀ። እሷ በሩ ላይ ቆማ የምትለውን ታሰናዳ ጀመር። ልብሷን ጠቅልላ እህቷ ቤት ትሄዳለች። አታለቅስም። ልጆቹም አባታቸውን ይወቁት።

ሽቦው ቶሎ ተመለሰ። የገመዱን ጫፍ በእጁ ይዟል።

"አገናኘኸው?"

"ከምን ጋር ላገናኘው እትዬ?" ዓይኗን ማየት አልፈለገም። "ራውተሩ የለም። መሥሪያ ቤታቸው ዕቃውን መልሶ ወስዶት ይሆናል። ይሄ መሬት ላይ ወድቆ ነው ያገኘሁት፤ ሸረሪት አድርቶበታል።"

ከግድግዳው ወዲያ ባሏ ጉሮሮውን ጠረገና፣ "እሺ፣ ሁላችሁም ገብታችኋል? እንግዲህ እንጀምር" አለ።