የመሪጌታ ዓለምነው ምርመራ

መሪጌታ ዓለምነው ኳስ አልጨብጥም ካሉ አምስተኛ ወራቸውን ይዘዋል። ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውን መትቷቸው እግራቸው ሲመለስ እጃቸው አልመለስ ብሎ ነበር። ሐኪሙ ትንሽ የላስቲክ ኳስ ሰጥቶ «ጣትዎን ያሠሩት፣ ይመለሳል» አላቸው።

«በዚህ ዕድሜዬ መሪጌታ ኳስ ሲጫወት ታየ እንዲባል ነው?» አሉና ኳሱን ለጎረቤት ልጆች ሰጡት።

በቁም ጽሕፈታቸው ከደብረ ታቦር እስከ አንበሳሜ የታወቁ ሰው ናቸው። የጀመሩት ድጓ ግን እመሐሉ ላይ ተቋርጦ ሳጥን ገብቷል። አሁን ደብዳቤ እንኳ የሚጽፉላቸው ሚስታቸው ወይዘሮ ዝናሽ ናቸው፤ የወይዘሮዋ ፊደል ደግሞ ዶሮ የጫረችው ይመስላል። ከሁሉ በላይ መሪጌታን ያንገበገባቸው፣ ማንም ሰው ለምንም ጉዳይ የማይፈልጋቸው መሆኑ ነው።

ስለዚህ በዐቢይ ጾም መግቢያ የደብሩ አስተዳዳሪ አባ ተክሌ አስጠርተው «አንድ የሚጣራ ነገር አለ» ሲሏቸው ደስታቸውን መደበቅ አቃታቸው።

«በዕድሩ ቤት ሰዎች እየተሰበሰቡ፣ የገላ ነጥብ በጣት እየተጫኑ ራሳችንን እናክማለን ይላሉ አሉ» አሉ አባ ተክሌ። «አኩፕሬሸር ነው ስሙ። ሕክምና ይሁን ባዕድ አምልኮ አላወቅንም። ከአንቱ በቀር የማምነው ሰው የለም።»

«ዛሬውኑ እበትናቸዋለሁ!»

«የለም፣ የለም። እንደ አባል ይግቡ፤ የሚሠሩትን ሁሉ አብረው ይሥሩ። ለሆሣዕና በጽሑፍ ያቀርቡልኛል።»

ማኅበሩ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ጠዋት ነው የሚሰበሰበው። መሪጌታ በመጀመሪያው ቀን ዘጠኝ ሰው ቆጠሩ። በተጠቀለለው ድንኳንና በብረት ድስቶቹ መካከል፣ አግዳሚ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው ተቀምጠዋል። አንዷ ወይዘሮ ዝናሽ ነበሩ። መሪጌታ ክው አሉ፤ ነገሩ ለካ ቤታቸው ድረስ ገብቷል።

አስተማሪዋ ቤዛዊት የምትባል፣ ባሕር ዳር የተማረች ልጅ ናት። «ለራስ ምታት፣ ፊትዎ በተቀመጠው ሰው እጅ ላይ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለውን ሥጋ ይጫኑ፣ እስከ ሠላሳ ይቁጠሩ፣ ይልቀቁ» አለች። «የሚጫኑት በቀኝ እጅዎ ብቻ ነው።»

«ግራው ምን አደረገ?»

«ደንቡ ነው አባቴ።»

መሪጌታ ይህችን በልባቸው መዘገቧት። እጅ የሚያማርጥ ሕክምና የትም አልሰሙም።

መጀመሪያ ፊታቸው የተቀመጠው ዳኛቸው ነው፤ ወፍጮ ቤት ኩንታል እንደ ትራስ የሚያነሣው ዳኛቸው። «መሪጌታ፣ ራሴን ወግቶኛል፤ እስቲ ይጫኑኝ» አላቸው። የሞተ ጣታቸው ቆዳውን ነካ ሳያደርግ «እሰይ፣ ለቀቀኝ!» አለ።

ውሸታም! አሉ በሆዳቸው።

ቀጥላ በርበሬ ነጋዴዋ ፈንታነሽ መጣች፤ እሷንም ራሷን ነው የሚያማት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ራሱን የማያመው አባል ጠፋ፤ ሁሉም ደግሞ መሪጌታ ካልተጫኑኝ ባይ ሆነ። ቤዛዊትን የሚጠራት የለም። መሪጌታ ተንኮሉ ወለል ብሎ ታያቸው። ነገ ሲከሰሱ «እሳቸውም አብረውን ነበሩ» ሊሉ ነው! ለማነካካት መሆኑ ነው። እሳቸው ማንን ፈርተው? እልህ ይዟቸው ጥርሳቸውን ነክሰው ይጫኑ ጀመር።

በአምስተኛው ሳምንት ዳኛቸው «ኧረ ቀስ! እጄን ሊሰብሩት ነው!» ብሎ ጮኸ። ወይዘሮ ዝናሽ ፊታቸውን አዙረው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ጸጸት ጀመራት፣ አሉ መሪጌታ። ቢሆንም ምርመራ ምርመራ ነው።

በዚያው ሰሞን ለለቅሶ ሐሙሲት ወርደው አንድ ሳምንት ቆዩ። ሲመለሱ የዕድሩን ዘበኛ ጠየቁት።

«አንቱ በሌሉበት ማን ይመጣል?» አለ ዘበኛው። «ቤቱ ተዘግቶ ነው የከረመው።»

ይሄ ሁሉንም ደመደመው። እሳቸው ሲያዩ ጣት መጫን፣ እሳቸው ሲሄዱ ሌላ ስውር ቦታ! ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ሪፖርቱን ለማጻፍ ሲያስቡ ግን ከባድ ነገር ገጠማቸው። ጸሐፊያቸው ከተከሳሾቹ አንዷ ናት። ከራሳቸው በቀር የሚጽፍላቸው የለም። በሩን ቀረቀሩ፣ በግራ እጃቸው ብዕሩን በቀኝ ጣቶቻቸው መካከል ሰኩት፣ በንዴትም ጀመሩ። የመጀመሪያው መስመር ተንጋደደ። አራተኛው ቀና አለ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሲደርሱ ፊደሎቹ እንደ ድሮው ትከሻቸውን ነፍተው ተሰልፈዋል።

መሪጌታ ብዕሩን አስቀምጠው እንደ ሕፃን አለቀሱ። ነገሩ ገባቸው፤ እግዚአብሔር ክሱን ወዶታል። እንባቸውን ጠርገው ይህንኑ በመጨረሻው ማስረጃነት ጨመሩት፦ «የእነዚህ ሰዎች ሥራ ከንቱ ለመሆኑ ምልክት፣ ይህንን እጽፍ ዘንድ ጌታ እጄን መልሶልኛል።»

በማግሥቱ አባ ተክሌ ዘንድ ገብተው፣ መስቀል ተሳልመው ወረቀቱን አስረከቡ።

«ማንንም አላስቀረሁም። ሚስቴንም ቢሆን።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ድካምዎ ከንቱ አልቀረም» አሏቸው አባ ተክሌ።

መሪጌታ ቀና ብለው፣ እንደ ሹም እየተራመዱ ወጡ። ከዚያ ወዲያ ከንቱ ነኝ የሚል ሐሳብ ሽው አላለባቸውም።

አባ ተክሌ በሩ እስኪዘጋ ጠበቁ። ሦስቱን ገጽ በመስኮቱ ብርሃን ዘርግተው፣ አንድም ቃል ሳያነቡ፣ ፊደሉን ብቻ ትክ ብለው ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ስልካቸውን አነሡ።

«ወይዘሮ ዝናሽ፣ መሪጌታ በገዛ እጃቸው ሦስት ገጽ ጽፈዋል» አሉ። «ለሰዎቹ ይንገሩልኝ፤ ከነገ ጀምሮ ማንም ራሴን አመመኝ ማለት አይጠበቅበትም።»